ተነስተው ነበር፤ ለምን ተመለሱ?

ክረምት ሊገባ ሲል ወይም ትልቅ ጉባኤ ሲቃረብ አንድ ዓይነት ዜና ይደጋገማል። ይህን ያህል የጎዳና ልጆች «ተነሱ» ይባላል። ልጆቹ ገላቸውን ታጥበው፣ አዲስ ቱታ ለብሰው፣ ተሰልፈው ምግብ ሲቀበሉ በቴሌቪዥን እናያለን። ከወራት በኋላ በዚያው መንገድ ስናልፍ፣ በዚያው በረንዳ ሥር ልጆች ካርቶን አንጥፈው ተኝተዋል። አንዳንዶቹ አዲስ መጪዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ግን እነዚያው የተነሱት ናቸው።

ከዚያ ወሬው ይጀምራል። ታክሲ ውስጥም ፌስቡክ ላይም ሁለት መልስ ይሰማል። አንዱ «ጎዳናን ለምደውታል፣ ቢረዷቸውም አይሆንላቸውም» ይላል። ሌላው «ሁሉም ለታይታ ነው፣ ማንም አልረዳቸውም» ይላል። ሁለቱም ጥቂት እውነት ይዘዋል። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ፍራሽና ምግብ ካለበት ግቢ ወጥቶ ወደ ብርዱ የሚመለሰው ለምን እንደሆነ ግን አያስረዱም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ካልተገኘ የሚቀጥለው ዘመቻም እንደ ቀደመው ያልቃል።

«የጎዳና ልጅ» ስንል ማንን ነው?

መጠሪያው አንድ ቢሆንም ልጆቹ ይለያያሉ። መርካቶ ውስጥ ጫማ የሚጠርገው ሊስትሮ፣ ማታ ከአገሩ ልጆች ጋር በጋራ በተከራዩት ክፍል የሚያድረው፣ በብዙ ሰው ዓይን የጎዳና ልጅ ነው። ቀን ሶፍትና ማስቲካ ሸጣ ማታ እናቷ ጋ የምትገባው ልጅም እንዲሁ። ፒያሳ በረንዳ ሥር የሚያድረውና ቤተሰቡን ካየ ዓመት ያለፈው ልጅም በዚሁ ስም ይጠራል። ላስቲክ ወጥራ ከምትኖር እናት ጋር እዚያው ጎዳና ላይ የሚያድግ ሕፃንም አለ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዩኒሴፍ ልጆቹን ለሁለት ይከፍላቸው ነበር፤ ጎዳና ላይ የሚውሉ እና ጎዳና ላይ የሚኖሩ ብሎ። ክፍፍሉ ዛሬም ይረዳል። ችግሩ ልጆች ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገራቸው ነው። ዛሬ ውሎ የሚገባው ልጅ ነገ ሳንቲም ሳይዝ ቢመሽበት፣ ዱላ ፈርቶ እዚያው ያድራል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው 21ኛ አጠቃላይ ማብራሪያ «በጎዳና ሁኔታ ውስጥ ያሉ ልጆች» የሚለውን አጠራር የመረጠው ለዚህ ነው። ጎዳናው ልጁ ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ይነግረናል እንጂ የልጁን ማንነት አይነግረንም።

ቁጥሩም የሚምታታው ከዚሁ የተነሳ ነው። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት መንግሥትና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች በአገሪቱ ያሉትን የጎዳና ልጆች ከ150,000 እስከ 200,000 ይገምቱ ነበር። በዚያው ጊዜ የዩኒሴፍ ግምት 600,000 ነበር። የሦስትና የአራት እጥፍ ልዩነት ነው። እነማን ይቆጠሩ የሚለው ካልተወሰነ ሁለት ቆጣሪ አንድ መንገድ ላይ ቆሞ ሁለት ቁጥር ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ በዜና የሚነገርን ቁጥር ስንሰማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን ውሎ የሚገባውን ልጅ ጨምሮ እንደሆነ ነው። ለሁለቱ ልጆች የሚያስፈልገው እርዳታ ይለያያልና። ቤት ያለውን ልጅ ወደ ማዕከል ማስገባት ያለውን ቤት ማሳጣት ሊሆን ይችላል።

ከቤት እስከ አውቶቡስ ተራ

«ድህነት ነው» ማለት ትክክል ነው፤ ግን ብዙ ነገር ሳይነካ ያልፋል። ከአንድ ድሃ ቤት አራት ልጆች መካከል ጎዳና የሚገባው አንዱ ነው። ሦስቱ ለምን ቀሩ?

ብዙ ጊዜ ድህነቱ ላይ ሌላ ነገር ተደርቦ ይገኛል። አባት ይሞታል፣ እናት ሌላ ታገባለች፣ ልጁ ከእንጀራ አባቱ ጋር አይስማማም። ወይም በተቃራኒው የእንጀራ እናት ትመጣለች። ዱላ አለ። መጠጥ አለ። ከብት ጠፍቶበት ወደ ቤት መመለስ የፈራ እረኛ አለ። ፈተና ወድቆ «ምን ይሉኛል» ያለ ተማሪ አለ። ከዚያ ደግሞ ጠሪው ይመጣል፤ ባለፈው መስቀል አዲስ ጫማ አድርጎ የመጣ የጎረቤት ልጅ፣ ወይም «አዲስ አበባ ሥራ አለ» የሚል ደላላ።

መንገዶቹም የታወቁ ናቸው። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጉራጌ፣ ከሀዲያ፣ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም የሚነሱ አውቶቡሶች በየቀኑ ልጆች ያመጣሉ። ከጋሞ ደጋ የሚመጡ ልጆች ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሽመና ቤት እንዲሠሩ በዘመድ ወይም በደላላ እጅ ሲሰጡ ኖረዋል። አንዳንዱ እዚያ ሙያ ይለምዳል። አንዳንዱ እግሩን ካስገባበት የሸማኔ ጉድጓድ ሳይነሳ ቀኑን ሙሉ ሲሸምን ይከርምና ጠፍቶ ይወጣል። የሚወጣበት ደግሞ ጎዳና ነው። የሴት ልጆቹ መንገድ ብዙም አይታይም። ቤት ሠራተኛ ሆነው ይገባሉ፤ ደመወዝ ሲከለከሉ ወይም ጥቃት ሲደርስባቸው በሌሊት ይወጣሉ። አደባባይ ላይ ብዙ ወንድ ልጆች ስላየን ሴቶቹ ጥቂት ናቸው ማለት አንችልም። ሴት ልጅ በረንዳ ላይ ብዙ አትቆይም። የሚፈልጋት ቶሎ ያገኛታል፣ ቤት ውስጥም ይደብቃታል።

ያለፉት ዓመታት በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነት ጨመሩበት። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያ ደግሞ በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ቤተሰብ በትነዋል፣ ትምህርት ቤት ዘግተዋል። ትምህርት ቤት የልጅ መዋያ ነው። ሲዘጋ የእንጀራ እናቱን ቤት ችሎ ያቆየው የቀን ውሎ አብሮ ይዘጋል። የኑሮ ውድነቱም ሌላውን ገመድ በጠሰ። ድሮ «የእህቴ ልጅ ነው፣ ይደር» የምትል አክስት፣ ዛሬ የራሷን ልጆች የምታበላው ሲጠፋት ማስጠጋት አቃታት።

ጎዳናው ምን ይሰጣል?

ይህን ጥያቄ ማንሳት ጎዳናን ማሞገስ የሚመስላቸው አሉ። ግን ልጁ ምን እያገኘ እንደሆነ ሳያውቁ በምትኩ ምን እንደሚሰጡት ማወቅ አይቻልም።

አንደኛው ጓደኛ ነው። አዲስ የመጣ ልጅ ብቻውን አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ቡድን ይፈልጋል። ቡድኑ አለቃ አለው፣ ሕግ አለው፣ የመኝታ ቦታ አለው። ሌሊት ተቃቅፈው ይተኛሉ፣ ለብርዱም ለጠላትም። አንዱ ቡሌ ካገኘ፣ ማለትም ከሆቴል የተረፈ ምግብ፣ ለብቻው አይበላም። የበላ ልጅ ነገ ሲርበው የሚያጎርሰው አያገኝም። አለቃው ደግሞ የሚጠብቅም የሚዘርፍም እሱ ነው። ጾታዊ ጥቃትም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያው ከሚጠብቁት ትልልቆች ነው። ልጁ ይህን ያውቃል። ያለ ቡድን መቆየት ይብሳል ብሎ ይቀበለዋል።

ሁለተኛው ነፃነት የምንለው ነው። ልጁ ራሱ ሠርቶ ራሱ ይበላል። ሻንጣ ተሸክሞ፣ መኪና አጥቦ፣ ለምኖ ያገኘውን የሚቆጣጠርበት አባት የለም። ብዙ ሰው «ያገኙትን በዚያው ቀን ያጠፋሉ፣ ነገን አያስቡም» ሲል ይሰማል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ሌላ ትርጉም አለው። ኪሱ ውስጥ ብር ይዞ የተኛ ልጅ ጠዋት ባዶውን ይነሳል። ትልቁ ይፈትሸዋል። ስለዚህ ብሩን ከመምሸቱ በፊት መብላት፣ ፊልም ቤት መግባት ወይም ለጓደኛ መጋበዝ ከመዘረፍ ይሻላል። ይህ የሰነፍ አስተሳሰብ አይደለም። ባንክ የሌለው ሰው ስሌት ነው። ለዚህም ነው የቀን መዋያ ያላቸው አንዳንድ ድርጅቶች የልጆቹን ገንዘብ በስማቸው መዝግበው ማስቀመጥ የሚጀምሩት። ገንዘቡ እንደማይወሰድበት ሲያረጋግጥ ያው «ነገን አያስብም» የተባለው ልጅ ይቆጥባል።

ሦስተኛው ማስቲሽ ነው። ማስቲሽ የጫማ ማጣበቂያ ነው። ውስጡ ቶሉዊን የሚባል ኬሚካል አለ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው ሲስቡት ኬሚካሉ በሳንባ በኩል ቶሎ አንጎል ይደርሳል። ረሃቡን ያስረሳል፣ ብርዱን ያደነዝዛል፣ ፍርሃቱን ያርቃል። ከምግብ ይረክሳል። ዋጋው በኋላ ይመጣል፤ የማስታወስ ችሎታ ይቀንሳል፣ ትኩረት ይጠፋል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ልብ በድንገት ይቆማል። ሱሱን እንደ ዱርዬነት ብቻ የሚያይ ረዳት መጀመሪያ ጠርሙሱን ይነጥቃል። ጠርሙሱ ግን ለልጁ ብርድ ልብሱም እራቱም ነው። ብርድ ልብስና እራት ሳይሰጡት የነጠቁት እንደሆነ ማታ ሌላ ይገዛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጎዳና ላይ የቆየ ልጅ ቀን ያንቀላፋል። ሌሊት ጥልቅ እንቅልፍ መተኛት አደጋ ነው፤ ፖሊስ ይመጣል፣ ሰካራም ይመጣል፣ ውኃ የሚደፋ ዘበኛ ይመጣል። አካሉ ሁልጊዜ ለመሮጥ ዝግጁ ሆኖ ይኖራል። ጎዳና ላይ ይህ ሕይወት ያድናል። ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን በር በተከፈተ ቁጥር የሚደነግጥ፣ ጓደኛው በክርን ሲነካው ቡጢ የሚያነሳ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የሚተኛ ተማሪ ይሆናል። መምህሩ «ባለጌ» ይለዋል። ልጁ ላይ የምናየው ያዳነው ልማድ ገና ከላዩ አለመውረዱን ነው።

ታዲያ ለምን ይመለሳሉ?

እስካሁን ያየነው ሲገጣጠም መልሱ እየታየ ይመጣል።

መጀመሪያ አመጣጡ አለ። ብዙ ጊዜ ልጆቹ የሚነሱት በአፈሳ ነው። ሌሊት መኪና ይመጣል፣ የሮጠ ያመልጣል፣ ያልሮጠ ይጫናል። ወዴት እንደሚሄድ የነገረው የለም። እንዲህ የገባ ልጅ ማዕከሉን እንደ እስር ቤት ያየዋል። ፍራሹ ቢመችም፣ መጀመሪያ የሚያስበው አጥሩ የት ጋ እንደሚዘለል ነው። ቡድኑም ተበትኖበታል። ወንድሜ የሚለው ልጅ ሌላ ማዕከል ተወስዷል፣ ወይም አምልጦ እዚያው በረንዳ ቀርቷል። የሚመለሰው ወደ ብርዱ ብቻ ይመስለናል፤ ወደ ጓደኛውም ነው።

ቀጥሎ ሥራ አለ። ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ በራሱ ላብ የበላን ልጅ ቀኑን ሙሉ ያለ ሥራ ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ ከባድ ነው። ለእናቱ ብር የሚልክ ከሆነ ደግሞ ማዕከል መግባት ደመወዝ እንደ መቋረጥ ነው። ይህን ማንም አይጠይቀውም።

ከሁሉ የከበደው ግን ወደ ቤት የተመለሰው ልጅ ታሪክ ነው። በዘመቻ ጊዜ ልጆች አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ትንሽ ገንዘብ ተሰጥቷቸው ወደ ወረዳቸው ይላካሉ። ሪፖርቱ ላይ «ከቤተሰብ ጋር ተቀላቀሉ» ተብሎ ይጻፋል። ልጁ ሲደርስ ያባረረው ዱላ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። የእንጀራ አባቱ አልተለወጠም። መሬቱ አልሰፋም። የክፍል ጓደኞቹ ሁለት ክፍል ቀድመውታል። የበለጠ የሚያሳፍረው ደግሞ ባዶ እጁን መምጣቱ ነው። ከተማ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው በአገሩ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ልጅ ስለሆነ አይቀርለትም። ሁለት ወር ይታገሳል። ከዚያ የተሰጠችው ገንዘብ ላይ ትንሽ ጨምሮ ያው አውቶቡስ ላይ ይወጣል። አሁን መንገዱን ያውቀዋል፤ ታናሽ ወንድሙንም ሊያስከትል ይችላል።

ከ15 ዓመት በላይ የሆኑት ሌላ መሰናክል ይገጥማቸዋል። የሥልጠና ምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ መታወቂያ የላቸውም፣ ተያዥ የላቸውም፣ የመጀመሪያው ወር ደመወዝ እስኪደርስ የሚያድሩበት የላቸውም። የልደት ምዝገባ አገር አቀፍ ሆኖ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። በዚያው ጊዜ (እ.ኤ.አ. 2016) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ዛሬ ጎዳና ላይ ያሉት ወጣቶች የዚያና ከዚያ በፊት የነበረው ዘመን ልጆች ናቸው። ብየዳ የተማረው ልጅ ብየዳ ቤቱ በር ላይ «መታወቂያ» ሲባል ያበቃለታል።

ማገገም ከምን ይመጣል?

በሥነ ልቦና «ሪዚሊየንስ» የሚባል ቃል አለ። በአማርኛ ችሎ ማገገም ልንለው እንችላለን፤ መከራ ደርሶበትም አስተዳደጉ ሳይሰበር መቀጠል ማለት ነው። ቃሉ አንዳንዴ በክፉ ይተረጎማል። «እነሱ ጠንካራ ናቸው፣ ይችሉታል» ለማለት ይውላል። ጥናቶቹ ግን ስለ ልጁ ጥንካሬ ብቻ የሚያወሩ አይደሉም።

ከታወቁት አንዱ በሃዋይ ካዋይ ደሴት የተካሄደው ነው። ኤሚ ወርነርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1955 በደሴቲቱ የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርታት ተከታተሉ። ከነዚህ ውስጥ ብዙ አደጋ የተደራረበባቸው ነበሩ፤ ድህነት፣ የወላጅ ሕመም፣ የፈረሰ ቤት። አደጋ ከተደራረበባቸው ሲሶ የሚሆኑት ግን ደህና ሰው ሆነው አደጉ። የተረፉትን ልጆች ታሪክ ሲመረምሩ ተደጋግሞ የወጣው አንድ ነገር ነበር። ቢያንስ አንድ የማይለያቸው፣ የሚቀበላቸው ትልቅ ሰው ነበራቸው። አያት ሊሆን ይችላል፣ አክስት፣ መምህር፣ ጎረቤት።

ይህ ግኝት በእኛ ጉዳይ ላይ ሲመጣ ብዙ ነገር ይገለብጣል። ማዕከሉ ስንት አልጋ አለው ከሚለው በላይ፣ እዚያ የሚሠራው ሰው ስንት ዓመት ይቆያል የሚለው ይከብዳል። ሞግዚቱ በየስድስት ወሩ የሚቀያየርበት ግቢ፣ ግድግዳው ቢያምርም፣ ለልጁ ሌላ የመለየት ትምህርት ቤት ነው። በደመወዝ ማነስ ምክንያት ጥሩ የማኅበራዊ ሠራተኛ ሲለቅ የምናጣው አንድ ሠራተኛ ብቻ ይመስላል። አሥር ልጅ ደግሞ እንደገና የሚያምነውን ሰው አጥቷል።

ጥሩ ሥራ ምን ይመስላል ከተባለ፣ ቀስ ያለ ነው። የጎዳና ሠራተኛው መጀመሪያ ምንም ሳይሰጥና ምንም ቃል ሳይገባ ይመላለሳል። ስም ይይዛል። በተናገረው ቀንና ሰዓት ይገኛል። ብዙ ትልቅ ሰው ቃል አጥፎበት ለመጣ ልጅ በቀጠሮ መገኘት ራሱ ሕክምና ነው። ቀጥሎ የቀን መዋያ አለ፤ ልጁ በፈቃዱ ገብቶ በፈቃዱ የሚወጣበት፣ ገላ የሚታጠብበት፣ ቁስሉ የሚታይበት፣ የሚጫወትበት። ኳስ ጨዋታ እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ይታያል። ግን ተራ መጠበቅን፣ ተሸንፎ አለመደባደብን፣ ሕግ ሁሉን እኩል እንደሚይዝ የሚማረው እዚያ ነው። ትምህርቱም የሁለት ዓመቱን በአንድ ዓመት የሚሸፍን የተፋጠነ ዓይነት ቢሆን ይሻላል። የ14 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመት ልጆች ጋር አንደኛ ክፍል ቢቀመጥ እፍረቱ ብቻ ያስወጣዋል።

ከዚያ ነው የቤተሰብ ፍለጋው የሚመጣው። መጀመሪያ ሠራተኛው ብቻውን ይሄዳል። እናትን ያነጋግራል፣ አጎትን ያነጋግራል፣ ልጁ ለምን እንደወጣ ከሁለቱም ወገን ይሰማል። በአገራችን እዚህ ላይ ትልቅ አቅም አለ። የአገር ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት፣ ሼህ፣ የዕድር ሰው የእንጀራ አባትን አስቀምጠው «ይህን ልጅ በአደራ ተቀበል» ሲሉ፣ ከማንኛውም ፎርም የበለጠ ይይዛል። ልጁ ከተመለሰ በኋላም በአንደኛው ወር፣ በሦስተኛው ወር፣ በዓመቱ መጠየቅ አለበት። በእኔ እይታ ሙሉ ሥራው የሚወድቀውም የሚቆመውም እዚህ ክትትል ላይ ነው። በጀት ሲያጥር ቀድሞ የሚቀነሰውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ፎቶ አይወጣውም።

ቤተሰብ ወይስ ማዕከል?

እዚህ ላይ ባለሙያዎችም አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ቅድሚያውን ለቤተሰብ ይሰጣል፤ ተቋም ለልጁ ተስማሚና አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ይሁን ይላል። ከኋላው ጠንካራ ማስረጃ አለ። በሩማንያ ቡካሬስት በሕፃናት ማሳደጊያ ይኖሩ የነበሩ 136 ሕፃናት በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ ገቡ። ወደ ቤተሰብ የገቡት በአእምሮ እድገትም፣ ከሰው ጋር በመቀራረብም በልጠው ተገኙ። በተለይ ከ2 ዓመታቸው በፊት የገቡት።

በሌላ በኩል የማዕከል ደጋፊዎች የሚሉትም ቀላል አይደለም። የቡካሬስቱ ጥናት ስለ ጨቅላ ሕፃናት ነው። የ15 ዓመት ልጅ አዲስ ቤተሰብ ውስጥ ገብቶ «አባዬ» ማለት ይከብደዋል። ቤቱ የተቃጠለበት፣ ወረዳው ጦርነት ላይ ያለ ልጅ ወዴት ይላካል? ተደፍራ ወደ ወጣችበት ቤትስ ልጅቷ ትመለስ? ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ፣ ጥቂት ልጆች ብቻ የሚይዝ፣ እንደ ቤት የሆነ አነስተኛ መኖሪያ ያስፈልጋል። ጥፋቱ ያለው ማዕከሉ መኖሩ ላይ ሳይሆን መቶና ሁለት መቶ ልጅ አንድ አዳራሽ ውስጥ አስተኝቶ የመጨረሻ መፍትሔ መባሉ ላይ ይመስለኛል።

በመካከል ያለው «ፎስተር ኬር» የሚባለው፣ በእኛ አጠራር የአደራ ቤተሰብ፣ በአገራችን ገና አልሰፋም። የሚገርመው ባሕሉ አለን። ከኦሮሞ ባሕል የመጣው ጉዲፈቻ የሁላችንም ቃል ሆኗል። የክርስትና ልጅ፣ የጡት ልጅ፣ የዘመድ ልጅ ማሳደግ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ፓርላማው ልጆችን ለውጭ ዜጎች በጉዲፈቻ መስጠትን ሲከለክል፣ የታሰበው አገር ውስጥ ያለው እንዲጠናከር ነበር። ዛሬ ልጅ ለመቀበል የሚፈልግ ቤተሰብ የሚጎድለው ልብ አይመስለኝም። የዘይትና የጤፍ ዋጋ ነው። ለአንድ ልጅ በማዕከል የሚወጣው ወጪ ከፊሉ ለአደራ ቤተሰብ ቢሰጥ፣ ከክትትል ጋር፣ ብዙ በር ይከፈታል።

ሕጉ፣ ፖሊሱና የነዋሪው ስጋት

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ ሁሉ ወላጆቹን ወይም አሳዳጊዎቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት አለው ይላል። በተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆንም ይደነግጋል። በወንጀል ሕጉ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ደግሞ እንደ አዋቂ አይቀጣም፤ የተለየ እርምጃ ይወሰድለታል። በሌላ ወገን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ አለ። ተጠርጣሪን በዋስ መልቀቅን የሚከለክል ጠንካራ ሕግ ነው። መንገድ ላይ ያለ ፖሊስ በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ፊቱ ያለው ልጅ የሚጠበቅ ነው ወይስ የሚያዝ?

የነዋሪውን ስጋት ማናናቅ አይገባም። ማታ ስልኳን የተነጠቀች ሴት፣ ሱቁ ደጃፍ ቆሻሻ የሞላበት ነጋዴ ቅሬታቸው እውነት ነው። አፈሳን የሚደግፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ጨካኞች አይደሉም፤ የተሰላቹ ናቸው። ነገር ግን አፈሳ ለነዋሪውም አይጠቅመውም። የተያዘና የተለቀቀ ልጅ ከዚያ በኋላ ከዩኒፎርም ሁሉ ይሸሻል። ሲደፈር አያመለክትም፣ ሲታመም ጤና ጣቢያ አይሄድም፣ ከማኅበራዊ ሠራተኛውም ይሮጣል። ወደ ድልድይ ሥርና ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ለዓይን ይሰወራል እንጂ ከከተማው አይወጣም።

ሳንቲም መስጠትን በተመለከተም ክርክር አለ። መስጠት ልጁን ጎዳና ላይ ያቆየዋል የሚሉ አሉ፤ አለመስጠት ደግሞ ዛሬ ማታ ያስርበዋል። ልጁ የያዘው ብር ወደ ማስቲሽ ወይም ወደ አለቃው ኪስ ሊገባ ስለሚችል፣ ዳቦ ወይም ሻይ ይሻላል። ስሙን ጠይቆ ማነጋገርም ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚያ በላይ ያለው የግለሰብ ኪስ የሚፈታው አይደለም።

ገንዘቡ የት ይዋል?

ከሁሉ ርካሹ ልጁ ሳይወጣ መያዝ ነው። አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የጀመረችው የተማሪዎች ምገባ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቁርስና ምሳ የሚበላበት ትምህርት ቤት ያለው ልጅ ቀኑን እዚያ ይውላል። ልጆቹ በብዛት የሚነሱባቸው የገጠር ወረዳዎች ላይ ግን ምገባው እንደ ከተማው አልተዳረሰም። ከአውቶቡሱ በር ላይ ከመጠበቅ መነሻው ላይ ምሳ ማብሰል ይቀላል።

በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ለችግረኛ ቤተሰቦች ገንዘብ ይሰጣል። ቤት ለሌላቸው የተለየ ድጋፍም በውስጡ አለው። ድጋፉ የሚሄደው ግን ነዋሪ ሆኖ ለተመዘገበ ሰው ነው። ከወላይታ ሶዶ ትናንት ለመጣ የ11 ዓመት ልጅ የትኛው ወረዳ ነዋሪ ነው ሊለው ይችላል? ልጁን የሚልከው ክልልና የሚቀበለው ከተማ አንድ መዝገብ፣ አንድ ተጠያቂ ሰው እስካልኖራቸው ድረስ ልጁ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። አዲስ አበባ «ልኬዋለሁ» ትላለች፤ ወረዳው «አልደረሰኝም» ይላል።

አሁን ያለው አሠራር በዚሁ ከቀጠለ የሚሆነውን መገመት አይከብድም። ከተማው በኮሪደር ልማት እየጸዳ ሲሄድ በረንዳውና የላስቲክ ቤቱ ይጠባሉ። ልጆቹ ከመሐል ከተማ ወደ ዳር፣ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማና ሐዋሳ ይገፋሉ። የሚታዩት ይቀንሳሉ፣ ሪፖርቱ ያምራል። ዛሬ ጎዳና ያሉ ሴት ልጆች እናት ሲሆኑ ደግሞ ሁለተኛው ትውልድ ይጀምራል። እሱን ወደ የትኛው ቤት መመለስ እንደሚቻል ማንም አያውቅም፤ አያቱን ያላየ፣ አገሩ ድልድይ ሥር የሆነ ልጅ ነው።

መለኪያው ቢቀየር ሥራውም ይቀየራል። ድርጅትም ሆነ ክፍለ ከተማ የሚጠየቀው ስንት ልጅ እንዳነሳ ሳይሆን፣ ካነሳቸው ውስጥ ከ12 ወር በኋላ ስንቱ ቤት ወይም ትምህርት ቤት እንዳለ ቢሆን፣ የክትትሉ በጀት መጀመሪያ የሚቀነስ አይሆንም ነበር። ጊዜውንም ማስተካከል ይቻላል። ወደ ደቡብ የሚሄዱ ልጆች ለመስቀል አገር መግባት ይፈልጋሉ፤ ሠርቶ አደሩ ሁሉ የሚገባበት ጊዜ ነውና መመለስ አያሳፍርም። አዲሱ የትምህርት ዘመንም የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ነው። ሽማግሌው አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ ልጁ ካጠራቀመው ለእናቱ ነጠላ ገዝቶ፣ ደብተሩን ይዞ መስከረም ላይ ቢሄድ፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ አንድ ሰው ሄዶ በሩን ቢያንኳኳ።